እናቴ መቀሱን የወሰደችብኝ ክረምት

ካዛንቺስ የነበረው መሥሪያ ቤታችን ወደ ወሎ ሰፈር ሲዛወር፣ አብራኝ ትሠራ የነበረች ሴት ሥራ ለቃ ወደ ክፍለ ሀገር ልትገባ ስለነበር ቦንሳይዋን፣ እየተገረዘች ትንሽ ሆና የምታድግ ዛፏን፣ ለእኔ ሰጠችኝ። ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን ላይ የተተከለች፣ ከክንዴ የማትረዝም ፋይከስ ናት፤ የዋርካና የሾላ ዘመድ። ሥሮቿ ከአፈሩ በላይ ወጥተው ስለሚታዩ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ዛፍ ትመስላለች። አያያዟን እዚያው በቆምንበት አስረዳችኝ። አዲስ ቀንበጥ ሲወጣ ዝም በይው፣ ስድስት ሰባት ቅጠል ሲይዝ ሁለቱን አስቀርተሽ ቁረጪው፤ ከተቆረጠበት የሚወጣውን ነጭ ወተት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ ከዚያ እስክታገግም አትንኪያት አለችኝ።

እናቴና እኔ የምንኖረው ቂርቆስ፣ እኔ በተወለድኩበት የቀበሌ ቤት ነው። ያን ሰሞን ሰፈሩ ለልማት ሊፈርስ ነው በሚል ወሬ ተሞልቶ ነበር። ዛሬ ልንነሳ ነው ይባላል፤ ነገ ደግሞ የለም፣ ተላልፏል ይባላል። ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ ባለሱቁን፣ ቀጥሎ ጎረቤታችንን ምን ሰማችሁ እላለሁ።  እናቴ ግን ሳነሳባት ወይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትጨምራለች፣ ወይ ሽንኩርት ልትከትፍ ትነሳለች።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ወደ መስኮቱ ሄጄ ቀንበጥ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ላይ እንደተነገረኝ እጠብቅ ነበር። በኋላ ሦስት ቅጠል ሲይዝ መቁረጥ ጀመርኩ፤ በመጨረሻ ጫፉ ገና ሳይፈታ። ጣቶቼ ከወተቱ የተነሳ ይጣበቃሉ። ቆርጬ ስጨርስ ትንሽ ቀለል ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ አዲስ ወሬ ፍለጋ ስልኬን አነሳለሁ። ሰኔ ላይ የቀሩት ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ መርገፍ ጀመሩ። ውሃ በዝቶባት ነው ብዬ ቀነስኩ፤ ቦታዋን ቀየርኩ፤ እንደገና ቀየርኩ።

አንድ እሁድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዛፏ ላይ እንዳጎነበስኩ አገኘችኝ። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ አየችኝ።

«ይቺ ዛፍ ምን አደረገችሽ?»

ትንሽ ሆና መቅረት አለባት አልኳት። ነገ ተነሱ ብንባል በእጄ ይዣት መውጣት የምችላት መሆን አለባት።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔንስ በምን ልትይዢኝ ነው?» አለችኝ።

 መቀሱን ከእጄ ወስዳ ቁምሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አወራችኝ። ቤቱ እንኳ ይቅር አለች። የፈራችው በእግሯ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንዳይቀርባት፣ የማኅበሯ ሴቶች በየአቅጣጫው እንዳይበተኑ ነው፤ እኔ ሥራ ስውል ማንንም በማታውቅበት የኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ብቻዋን መቀመጡን ነው። እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች። እኔ ደግሞ ምንም ያልመሰላት መስሎኝ ነበር። ምሳችን እስኪቀዘቅዝ አወራን።

ክረምቱን ሙሉ ዛፏን አልነካኋትም። ቀላል አልነበረም፤ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ለብዙ ጊዜ ምንም አላወጣችም። ሞታለች ብዬ ሳህኑን ላነሳው ስል እናቴ ከለከለችኝ። ነሐሴ ላይ አንድ ቀላ ያለ ጫፍ ብቅ አለ፤ ከዚያ በየቦታው። ቅርጿ ጠፍቶ እንደ ጠዋት ፀጉር ተንጨባረረች፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሄዶ ሄዶ የመስኮቱን መስታወት ነካ።

መስከረም ላይ እናቴ መቀሱን አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እርስ በርስ የተጠላለፉትን አወጣን፤ የረዘሙትን አሳጠርን። መስታወቱን የነካውንም ልቆርጠው ስል «ተዪው እሱን» አለችኝ። ቅርጿን ያበላሻል ብላት አልሰማችኝም። ቀረ። ዛፏ እስካሁን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ነው ያለችው።

ስለ ቤታችን የተቆረጠ ነገር የለም። እኔም ባለሱቁን መጠየቄን አልተውኩም። ግን አሁን እናቴም ትጠይቃለች። ባለፈው በደምበል በኩል በታክሲ ስናልፍ አዲሶቹን ፎቆች ቀና ብላ እያየች፣ ምድር ቤቱን ለጠየቀ ሰው ይሰጡ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

«ካልሆነ አንደኛ ፎቅ» አለች፣ ጉልበቷን እያሻሸች። «አንደኛ እወጣለሁ።»