ኖራ የተሰመረበት ግጦሽ

አዳማ ገና ናዝሬት ሳትባል፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ግጦሽ የአባቴ ነበር። እኔ ለጋብቻ የደረስኩ ልጅ ብሆንም ጥጆቹን እዚያ የማግደው እኔው ነበርኩ። አባቴ ያንን መሬት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። በዚያ ዘመን ቃላድ የሚባል የመሬት መለኪያ ገመድ የያዙ ሰዎች በየአገሩ ይዞሩ ነበር። መሬቱን ለክተው ከፊሉን ለመንግሥት፣ ከፊሉን ለሹም ያደርጉና ባለቤቱን ጭሰኛ አድርገውት ይሄዳሉ። አባቴ ገመድ የያዘ ሰው ካየ እንቅልፍ የለውም። ለከብቱ ማሰሪያ ገመድ የሚዋስ ጎረቤት እንኳ አያምንም ነበር።

አንድ ጠዋት ጥጆቹን ይዤ ስወጣ፣ የጣቢያው ሹም እኅት የሆነችው ፈረንጅ ግጦሻችን ዳር ገመድ ወጥራ በኖራ ታሰምራለች። ክው አልኩ። ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት።

«ደግሞ ሴት ቀያሽ ላኩብኝ!» አለ።

የጣቢያው አስተርጓሚ ሊያስረዳን ሞከረ። ቴኒስ የሚባል ጨዋታ ነው፤ የሴትዮዋ እንጀራ ይኸው ነው፤ በባሕር ማዶ ከተሞች ስትጫወት ሰው ከፍሎ ያያታል። ብዙ ዘመን አሸንፋለች፤ በቅርቡ ግን አንዲት ልጅ እግር ተጫዋች ደጋግማ ረታቻት። ወንድሟ ዘንድ የመጣችው እዚህ ጉልበቷን አበርትታ ከዚያች ልጅ ጋር እንደገና ለመግጠም ነው።

«ኳስ መትታ የምትበላ ሴት?» አለ አባቴ። «ይኼ ሰውዬ እኔን ቂል አደረገኝ እንዴ?»

እኔም አላመንኩም። ጥጆቹን እያስጠጋሁ እሰልላት ጀመር። ወንድሟ ሜዳው መሃል ከተዘረጋው መረብ ማዶ ቆሞ ኳስ ይሰድላታል፤ እሷ በጅማት በተወጠረ መምቻ ትመልሳለች። ኳሱ መስመሩ አጠገብ ሲያርፍ ጎንበስ ብላ አፈሩን ትመረምራለች። ለጨዋታ ከሆነ አፈር መመርመር ምን አመጣው? ያየሁትን አንድም ሳላስቀር ለአባቴ አደርስ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ስትሮጥ ደስ ትለኝ ነበር፤ ሴት በአደባባይ እንደዚያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ደስ ማለቷም አሳሰበኝ፤ ልታዘናጋኝ ነው አልኩ።

የበልግ ዝናብ ኖራውን ሲያጥበው መልሳ አሰመረች። ያኔ የአባቴ ትዕግሥት አለቀ። ሜዳው መሃል ገብቶ «በንጉሥ አምላክ ቁሚ!» አለ። በዚያ ዘመን ይህ ከተባለ የሮጠም ይቆማል፤ መንገደኛ ይጠራና እዚያው ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል። ሴትዮዋ ግን ይህን ከየት ታውቀዋለች? የመታችው ኳስ የአባቴ ጋቢ ላይ አረፈ። ወንድሟ ደንግጦ አስቆማት።

ከመቂ በበቅሎ የሚመጣ ደኅና የለበሰ ሰው በመንገዱ ሲያልፍ ነበር፤ አስቆምነው። «አካም ጂርቱ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲለን አባቴ ወዲያው ወደደው። ግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ሰማ። ሴትዮዋ በአስተርጓሚው አፍ «መርከቤ እስኪነሣ ድረስ ብቻ ተዉልኝ፤ ሳልለማመድ ከሄድኩ ያቺ ልጅ መልሳ ታሸንፈኛለች» አለች። አባቴ ደረቱን እየመታ «ላፋ ኮ! መሬቴ ነው!» ይላል።

«ለመፍረድ ወሰኑን ማየት አለብኝ» አለ ዳኛው። «የእርስዎ ከየት እስከ የት ነው፣ አባቴ?»

አባቴ በኩራት ዞሮ አሳየው። የወሰን ድንጋዩን፣ ግራሩን፣ ማንም ያልጠየቀውን ከጅረቱ ማዶ ያለውን እርሻ ሳይቀር አሳየው። ሰውየው በጥሞና እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ለአባቴ ፈረደለት። ኖራውን በቅጠል ጠርገን አጠፋነው፤ ለዳኛው እርጎ አቀረብኩለት። ሴትዮዋ በማግስቱ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደች።

ክረምቱ ሲወጣ ያ ዳኛ ተመልሶ መጣ። በቅሎዋ ያችው ናት፤ የተከተሉት ሰዎች ግን ቃላድ ተሸክመዋል። «አካም ጂርቱ» አለን አሁንም። ወሰኑን አሳዩኝ አላለም፤ ራሱ እየመራ ከድንጋዩ ወደ ግራሩ፣ ከግራሩ ወደ ጅረቱ ሄደ። እስከ ዛሬ ሰው አሳምሮ ሰላም ሲለኝ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው።

ለክተው ሳይጨርሱ አስተርጓሚው ከጣቢያው እየተጣደፈ መጣ። ቴሌግራም ደርሷል፤ ሴትዮዋ ያቺን ልጅ አሸንፋለች። አባቴ ዓይኑን ከተወጠረው ገመድ ሳይነቅል ሰማው።

«እንኳን ደስ አለሽ በልልኝ» አለ። «ተመልሳ ከመጣች ግን ስለ ሜዳው ዳኛችንን ትጠይቅ።»