በወበቅ የተከፈተ ፖስታ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሙሴ ሐሰን ወንበር እንኳ ሳያሳዩኝ የመንግሥት ግዥ ሕጉን አስታቀፉኝ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ ዳር ዳሩ በላብ የወየበ ጥራዝ ነው። «ማዳም ጽጌ፣ ይህን ሳትጨርሺ እስክሪብቶ እንኳ እንዳትገዢልኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። አንብቤ ጨረስኩና ያልገባኝን በእርሳስ አስምሬ መለስኩላቸው። ያሰመርኩበትን ሲያገላብጡ ቆይተው «ግማሹ ለእኔም አልገባኝም» ብለው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተግባባን።

አያቴ በባቡሩ ዘመን ከኢትዮጵያ መጥተው እዚሁ ጅቡቲ የቀሩ ናቸው። እኔ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ተወልጄ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ሶማሊኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ እየተናገርኩ አደግሁ። ከሰፈራችን መንግሥት ቢሮ የገባች ሴት ብርቅ ስለነበረች ሁሉም «የእኛ ልጅ እኮ ጨረታ ክፍል ናት» ይል ነበር። ሲሰሙት ደስ ይላል። ውስጡ ግን «ታዲያ ምን ታደርጊልናለሽ?» የሚል ጥያቄ አለበት።

ጥቂት ቆይቶ ሥልጠና ገባን። አሠልጣኛችን ከቱኒስ የመጣች የሕግ ባለሙያ ነበረች። ስለ ውል፣ ስለ አቤቱታ፣ ስለ ጨረታ ማስከበሪያ ብዙ አስተማረችን፤ እኔ ግን ዕድሜ ልክ የያዝኩት አንዱን ነው። «የጨረታ ፖስታ ስትረከቡ ባለቤቱ ፊት አገላብጡት። መታሸጉን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ደረሰኙ ላይም ጻፉት» አለች። ይህም ትምህርት ሆኖ ብለን ተሳሳቅን። ወዲያው እኔን አስነስታ ተረካቢ አደረገችኝና ፖስታ ሰጠችኝ። ተቀብዬ አመሰገንኩ። ለካስ ጀርባው ተቀድዷል! ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ የሠርግ ጥሪ እንኳ ሳላገላብጥ አልቀበልም።

ዓመታት አለፉ፤ እኔም የጨረታ ሰነድ ተረካቢና የኮሚቴው ጸሐፊ ሆንኩ። በአንድ በጋ ለጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት ፍሪጅ ለመግዛት ጨረታ አወጣን። ከተጫራቾቹ አንዱ ጋሽ ወንድሙ ነበሩ። ካርቲየ 3 ውስጥ ፍሪጅ የሚሸጡና የሚጠግኑ፣ አባቴን የሚያውቁ፣ ቤተ ክርስቲያንም ከእኛ ቤተሰብ ጎን የሚቆሙ ሰው ናቸው። የመንግሥት ጨረታ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ፖስታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

«ጽጌዬ፣ አደራ» አሉኝ።

«ጋሽ ወንድሙ፣ እዚህ ቤት አደራ የለም፤ ያለው ደረሰኝ ነው።»

ፖስታውን አገላበጥኩ፤ «የታሸገ፣ ያልተነካ» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ይህንኑ ደረሰኙ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። ትንሽ ቅር እያላቸው ሄዱ። ፖስታውን ብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

እኛ ዘንድ ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት መብራት ጠፋ። ቢሮአችን ራስ ዲካ አካባቢ፣ ባሕሩ አፍንጫ ሥር ስለሆነ ክሊማው፣ ማለትም የአየር ማቀዝቀዣው፣ ከቆመ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። እሑድ ማለዳ ሳጥኑን ስከፍት የጋሽ ወንድሙ ፖስታ ክዳኑ ተነሥቶ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ሌሎቹ በፕላስተር የታሸጉ ስለነበሩ ደህና ናቸው። የእሳቸው በራሱ ሙጫ ብቻ የተለጠፈ ነበር፤ ሙጫው በወበቁ ለቆታል። የማስገቢያው ጊዜ የሚያበቃውና ጨረታው የሚከፈተው በዚያው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው።

ምንም ሳልነካ ሙሴ ሐሰንን ጠራኋቸው። አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኮላ አምጪና ለጥፊው» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር እንዳይንዛዛ ብለው ነው።

«ከለጠፍኩትማ የከፈትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ካልለጠፍሽው ሰውዬው ይወድቃሉ። ሕጉ ያልታሸገ ይጣላል ይላል።»

«ሳይታሸግ የቀረበ ይጣላል ነው የሚለው። ይህ ታሽጎ ቀርቧል። የተከፈተው እኛ እጅ ነው።»

ያን ጊዜ የፈራሁትን ተናገሩ። «ማዳም ጽጌ፣ ያንቺው ሰው ናቸው። ማን ያምንሻል?»

እውነታቸውን ነበር። ዝም ብል አንድ ንጹሕ ሰው በእኛ መብራት መጥፋት ከጨረታ ይወጣል። ብናገርላቸው ለወገኗ አደላች እባላለሁ። ሳጥኑን መልሼ ቆለፍኩና ቁልፉን ሰጠኋቸው።

«እርስዎ ይያዙት። ተጫራቾቹ ሲሟሉ እነሱ ፊት ይከፍቱታል። እስከዚያ ክፍሉ ውስጥ ማንም አይገባም፤ እኔም ጭምር።»

ወንበር አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ጠዋት የመጡትን ፖስታዎች እዚያው አገላብጬ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው።

አራት ሰዓት ሲሆን ኮሚቴውም ተጫራቹም ሁሉ ያቺን ጠባብ ክፍል ሞላን። ሙሴ ሐሰን ሳጥኑን ከፈቱና የሆነውን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። በዚህ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። የአንድ ትልቅ ድርጅት ወኪል የሆነ ወጣት ወዲያው ብድግ አለ።

«የተከፈተ ፖስታ አይነበብም። ይጣል!»

ጋሽ ወንድሙ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በጸሐፊነቴ እንድናገር ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ፖስታው ስንረከበው ታሽጎ ነበር፤ ደረሰኙ ባለቤቱ እጅ ላይ ነው። ዋጋቸውን ያየ ሰው አለ ብንል እንኳ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው። ሊጠቀም የሚችለው ደግሞ ዛሬ ጠዋት ዋጋውን ያስገባ ተጫራች ነው። የተጎዳውን ሰው በምን ሕግ እናስወጣ?»

ወጣቱ የራሱን ፖስታ ያመጣው በዚያው ጠዋት ነበር። ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ተቀመጠ። ሙሴ ሐሰን ጋሽ ወንድሙን ጠየቁ፤ ሰነዱ ይነበብ ወይስ ጨረታው እንዲሰረዝ ይፈልጋሉ? «ይነበብ» አሉ ጋሽ ወንድሙ በአማርኛ። ደንግጠው ነበርና ቆይተው በፈረንሳይኛ ደገሙት። ኮሚቴው ተስማማ። ሁሉም ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረመ፤ ወጣቱም እያጉረመረመ ፈረመ። የጋሽ ወንድሙ ዋጋ እንደ ሌላው ሁሉ ጮክ ተብሎ ተነበበ።

ግምገማው አልቆ ያሸነፈው የዚያ ወጣት ድርጅት ነበር። ጋሽ ወንድሙ ሁለተኛ ወጡ።

በሚቀጥለው ቤተ ክርስቲያን በሄድኩበት ቀን ባለቤታቸው ቅጥር ግቢው ውስጥ አገኙኝ። «አንቺ እያለሽ ለባዕድ ተሰጠ? ይህን ያህል ዓመት እዚያ የተቀመጥሽው ለምን ነበር?» አሉኝ፣ ሰው እየሰማ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በጨረታው ቀን ያልወጣ እንባ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ጋሽ ወንድሙ ራሳቸው ቢሮ መጡ። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን «የተሸነፍኩበትን ምክንያት መጠየቅ ይቻላል አሉኝ» አሉ። ይቻላል፤ መብታቸው ነው። አስቀምጬ አሳየኋቸው። የቴክኒክ መስፈርቱን በሙሉ አሟልተዋል፤ የበለጣቸው ዋጋው ብቻ ነው። ዕቃውን ከነጋዴ ላይ ሊገዙ አስበው ሁለት ትርፍ ተደርቦባቸዋል፤ ያሸነፈው በቀጥታ ከፋብሪካ ነው የሚያመጣው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ጽጌዬ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ መንግሥት ቤት የሚያሸንፈው ሰው አስቀድሞ የታወቀ ይመስለኝ ነበር። ለዚህ ነው አደራ ያልኩሽ። ለካ ሒሳቤ ነው የተበላሸው! ሒሳብ ደግሞ ይስተካከላል።»

ተነሥተው ጨበጡኝ። እውነት እላለሁ፣ በሥራ ዘመኔ ከተሰጠኝ ምስክር ወረቀት ሁሉ ያ የእጅ ሰላምታ ይበልጥብኛል። ለሳምንታት ቀና ብዬ ሄድኩ፤ ጓደኞቼ «ሹመት አገኘሽ እንዴ?» እስኪሉኝ ድረስ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ አዲስ የግዥ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። የዚያን ቀን ነገር እነግራቸውና እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ እላለሁ። ኮላ የሚል አይጠፋም፤ ይጣል የሚልም አይጠፋም። ሕጉን አውጥተን አንቀጽ በአንቀጽ እንከራከራለን፤ እኔም ደስ ይለኛል። ሲያልቅ ሁልጊዜ አንድ ሰው እጁን ያነሣል። «ታዲያ ሰውዬው ካላሸነፉ ያ ሁሉ ድካም ምን ጠቀመ?» ይለኛል።

የምመልሰው አጭር ነው። የተሸነፈው ሰው በምን እንደተሸነፈ አውቆ ከሄደ፣ ጨረታው በትክክል ተሠርቷል።