የእንግዳ ወንበር

ልጄ አግብታ ስትወጣ ክፍሏን ለተማሪ አከራየሁት። ከጁባ የመጣች፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት። የተማሪዎቹ ማደሪያ አልስማማት ብሎ ነው እሪ በከንቱ ሰፈር ድረስ ወርዳ እኔ ግቢ የገባችው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጥኩት ልጄን ሳደርስ ብቻ ነው፤ ፊደልም ከእሷ ደብተር ላይ ነው የለቀምኩት። ተማሪ ሲባል አንጀቴን ይበላኛል። ባልዲ ስታነሳ እቀማታለሁ። ሳህን ላጥብ ስትል፣ "ተይ የኔ ልጅ፣ እንግዳ አይደለሽ?" እላታለሁ። ቤቴ ውስጥ ያለው አንድ ደህና ወንበር የእሷ ሆነ። የግቢው ሴቶችም ብቅ ስትል ወሬያቸውን ቁርጥ አድርገው፣ "ነይ፣ አረፍ በይ" ይሏታል። ደግ የሠራን መስሎን!

ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጋመስ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትከት ደረስኩባት።

"ምነው? ትምህርቱ ከበደሽ?"

"ትምህርት ደህና ነው፣ እማማ። ክፍል ውስጥ እንግዳ ነኝ። እዚህም እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል። ሰኞ አገሬ እገባለሁ።"



በማግስቱ የጎረቤት ልጅ ክርስትና ነበርና ሴቶቹ ግቢው መሀል ሽንኩርት ከበው ተቀምጠዋል። ልጅቱ ልትሰናበታቸው ወጣች። እኔም እንደ ልማዴ ወንበሩን ላወጣላት ያዝኩት። ያዝኩትና ተውኩት። ቢላዋ አንስቼ ሰጠኋት።

"እንኪ። እዚያ ዱካ ላይ ቁጭ በይና ላጪ።"

"ኧረ በስማም! እንግዳ ታሠሪያለሽ?" አለች የደጋሿ እህት።

"የምን እንግዳ! ስንት ወሯ!"

ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው የልብስ ሰፊው ሚስት ናት፤ ምላሷ ከባሏ መቀስ የሰላ ወሎዬ። አንዱን ሽንኩርት ዝም ብላ አሳለፈቻት። ሁለተኛው ላይ አልቻለችም።

"አንቺ! ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጣልሽው እኮ! እናትሽ ምን አስተምራሽ ነው የላከችሽ?"

አለቀ፣ ሰኞንም አትጠብቅም አልኩ በሆዴ።

ልጅቱ ቀና አለች። "እናቴም ልክ እንደዚህ ነው የምትጮህብኝ" አለችና ሳቀች። ጥርሷን ያን ቀን ነው ያየሁት።

"እንግዲያው እናትሽ ደህና ሴት ናቸው" አለች ወሎዬዋ። "በይ ቶሎ ቶሎ በይ፣ ገና አንድ ማዳበሪያ ይቀረናል።"

ወሬውም ካቆመበት ቀጠለ፤ እሷ አለች ብሎ የተቆረጠ ነገር የለም።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥቷል፣ እሷ ባልዲ ይዛ ቧንቧው ጋ ተራ ትጠብቃለች። ልቀማት ብድግ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አሁን አራተኛ ዓመት ናት። በቀደም ከአገሯ አዲስ የመጣች ተማሪ ይዛብኝ መጣች፤ በር ላይ ቆማ ፈራ ተባ የምትል ልጅ። አመል አይለቅ፣ የምለቅመውን ምስር አስቀምጬ ወንበሩን ሳብኩላት።

"ይተዉት እማማ" አለችኝ። "ምስሩን ይስጧት፣ ትልቀም።"