ቀይ ጠጠር በበረዶ ማሽን ጉሮሮ

ቂም ሲያረጅ ይደርቃል የሚል ሰው ቨርና ኦያላን አያውቃትም። የሷ ቂም ሁለት ክረምት ከርሞ ይብስ ለመለመ እንጂ አልደረቀም። እኛ ሰሜን ሚሺጋን፣ ትልቁ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በረዶ ስንዝቅ ስለምንከርም ለቂም ጊዜ የለንም ይባላል። ውሸት! በረዶ ሲዛቅ የሚሠራው እጅ ነው፤ ሆድ ሥራ ፈት ነው።

ባሏ ዌስሊ በሕይወት ሳለ የሞተር ጥገናውን አብረው ነበር የሚሠሩት። አሁን ብቻዋን ናት። ሰባ ዓመት ቢሞላትም ካቻቢቴዋን ይዛ ካጎነበሰች ሞተሩ ሳይነሳ ቀና አትልም። በመንደሩ በረዶ መትፊያ ማሽኑ፣ ያ በረዶ በአፉ ዝቆ በአንገቱ ወደ ጎን የሚተፋው፣ የተበላሸበት ሁሉ እየገፋ ወደሷ ይመጣል። የመንገድ ማዶ ጎረቤቷ ኤልደን ሃርዩ ብቻ፣ ዌስሊ ከሞተ ወዲህ ጋራዥዋ ደርሶ አያውቅም።

ምን አድርጓት ነው ትሉ ይሆናል። ኤልደንና ዌስሊ በውሻ ጩኸት ተጣሉ፤ በውሻ! ኤልደንም ንዴቱን በማሽኑ ይወጣ ጀመር። የመንገድ ጠራጊው መኪና እሱ ደጅ ላይ ገፍቶ የሚጥለውን ድንጋይ የመሰለ በረዶ፣ የማሽኑን አንገት አዙሮ እነቨርና መውጫ ላይ ይተፋዋል። እኛ ዘንድ የራስን በረዶ ጎረቤት ደጅ መትፋት እናትን ከመስደብ አይተናነስም። አንድ ቀን ዌስሊን ልቡ ጣለው። አምቡላንሱ እየከነፈ መጣና ኤልደን የከመረው በረዶ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ሰዎቹ ክምሩን በአካፋ ንደው እስኪገቡ ዌስሊ አልጠበቃቸውም። ኤልደን በመስኮቱ ቆሞ ያይ ነበር፤ ድንጋጤ ይሁን ክፋት፣ ከቤቱ አልወጣም።

በቀብሩ ቀን ቀረብ ብሎ «ክምሩን ከምሳ በኋላ ላነሳው ነበር እኮ» አላት።

«አንተንም ከምሳ በኋላ ሞት ያንሳህ!» አለችው።

ዘንድሮ ጥር ላይ ታዲያ፣ ከሐይቁ ከባድ ውሽንፍር እየመጣ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ነዳጁን ሲያዘጋጅ፣ ኤልደን ማሽኑን በልጁ መኪና ጭኖ መጣና ጋራዥዋ በር ላይ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ቨርና፣ ሞተሩ ይነሳል፤ ጎማው ግን አልሄድ አለኝ።»

«ታዲያ ከተማ ውሰደዋ።»

«ወስጄው ነበር፤ ጎማውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበልቷል፣ ምትኩም ከሱቅ አልቋል አሉኝ። የሚገርመው መስከረም ላይ ነው አዲስ ያስገባሁበት።»

«አካፋ የለህም? ለዌስሊ መንገድ የከፈቱበት አካፋ ያውልህ፣ ጥግ ቆሟል። ውሰደው።»

እዚህ አገር ውሽንፍር እየመጣ ማሽን የተበላሸበትን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ጠላትም ቢሆን። ደግሞስ ባለጋራዋ በገዛ እግሩ መጥቶ እጇ ላይ ሲወድቅ ምን ሲሆን ትመልሰዋለች?

«አስቀምጠውና ሂድ» አለችው።

ነዳጁን ቀድታ አወጣችና ማሽኑን በአፉ ደፋችው። የሆዱን ክዳን ፈታች። ቺንጋው ተቃጥሎ ጠርዙ ተበልቷል፤ የላስቲክ ሽታው ጋራዡን ሞላው። አሮጌውን አውጥታ ጣለች፤ አዲሱን ቺንጋው በሚዞርባቸው በሁለቱ ፑሌጃዎች ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ካቦው መጣች። እጀታው ሲጨበጥ ይህ ቀጭን የብረት ገመድ ይሳባል፣ ቺንጋው ይወጠራል፣ ጎማው ይሄዳል። እጀታው ሲለቀቅ ይላላል፤ ማሽኑ ይቆማል። ካቦው ከልኩ በላይ ከተወጠረ ግን እጀታውን ለቀቅከው አልለቀቅከው፣ ማሽኑ መሄዱን አይተውም።

የኤልደን ግቢ ደግሞ በጀርባ በኩል ቁልቁል ወርዶ ገደል ነው የሚገባው።

ቨርና የካቦውን መወጠሪያ ዳዶ አጠበቀችው። አሁንም አጠበቀችው። «በል እንግዲህ፣ ሩጥና ያዘው!» አለች ለብቻዋ። አብሮት ገደል ቢገባም ግድ አልነበራትም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል፣ እንዲገባ ነበር የፈለገችው። ዌስሊ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ክዳኑን ገጥማ ማሽኑን ቀና ስታደርገው ግን ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ። አንድ ጠጠር ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀይ ነው። በእንጨት ስትጎረጉረው ሌላ ወጣ፤ ሌላም። ሁሉም ቀይ።

ያንን ጠጠር ታውቀዋለች። ዌስሊ ከተዘጋው የመዳብ ማዕድን ክምር በመኪናው እያመላለሰ የሷን ግቢ ያነጠፈበት ነው። የሌላው ሰው ግቢ ሁሉ አስፋልት ነው፤ የኤልደንም ጭምር። መስከረም ላይ የገባ ቺንጋ ደግሞ የአንድ ግቢ በረዶ ብቻ ቢጠርግ በጥር አያልቅም።

ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ሳትነሳ ደጇ ተጠርጎ ያድራል። የቤተ ክርስቲያኑ ጎረምሶች ናቸው ብላ ሥጋና ድንች የታጨቀበት ፓስቲ ጋግራ ልካላቸው ነበር። የማያፍሩ! እነሱ እንዳልሠሩት እያወቁ ሙልጭ አድርገው በሉት።

ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። አንጀቷ የራራ መሰላችሁ? ኧረ ተዉኝ! ደሟ ፈላ። ለካስ ሰውዬው በየማለዳው ደጇ ላይ ንስሐ ሲገባ፣ ቀለል ብሎት ሲተኛ ኖሯል! እሷ ጎኗ ባዶ አልጋ ላይ ስትገላበጥ፣ እሱ እንቅልፉን ሲለጥጥ! ተነሳችና ካቦውን አላላችው። ልኩን እስኪይዝ ደጋግማ ሞከረችው። ገደል ለኤልደን አነሰው።

ስትጠራው ሮጦ መጣ። ሞተሩን አስነሳችለትና «ጨብጠው» አለችው። ጎማው ሄደ። «ልቀቀው።» ጎማው ቆመ።

«እጅሽ ይባረክ! እንደ አዲስ ሆነ» አለ።

መዳፏን ዘረጋች። ኤልደን ቀዩን ጠጠር ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ።

«ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው፣ ጨለማ ሳለ...»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ሌላ ምን ላድርግ፣ ቨርና? እሱን ካላደረግኩ እኮ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«እንዳይወስድህ ነው የምፈልገው። ከዛሬ ጀምሮ ማሽንህ ደጄን እንዳይረግጥ። አንዲት አካፋ በረዶ እንዳታነሳልኝ!»

«ኧረ በፈጠረሽ! በዚህ ዕድሜሽ አካፋ ልትይዢ? ትሞቻለሽ እኮ!»

«ብሞት ታየኛለህ። በመስኮት ማየት ታውቅበት የለ?»

«ስደቢኝ፤ በጥፊ ምቺኝ። ይቺን ብቻ አትከልክዪኝ።»

«ሂድ ከፊቴ» አለችውና በሩን ዘጋች።

ውሽንፍሩ ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ሲነጋ ቨርና የዌስሊን አካፋ ይዛ ወጣች። የመንገድ ጠራጊው ደጇ ላይ የቆለለው በረዶ ደረቷ ይደርሳል። አንድ ዝቃ አረፈች፤ ሁለት ዝቃ አረፈች። ወገቧ ጮኸ፤ ልቧም ጮኸ። ማዶ ኤልደን የራሱን ግቢ ጨርሶ እስከ መንገዱ ጠርዝ መጣ። እጀታውን ሲለቅ ማሽኑ ወዲያው ቀጥ አለ፤ ልክ እንዳስተካከለችው።

«ቨርና!» ብሎ ተጣራ። «ይሄን ክምር ብቻ!»

አላየችውም። ዛቀች።

መንገዱን አልተሻገረም፤ ወደ ቤቱም አልተመለሰም። ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ እንባውን በጓንቱ ይጠርጋል። ኋላ ነዳጁ አለቀና ሞተሩ ተንተፍትፎ ጠፋ። ቨርና ያንን ስትሰማ፣ ማታ እንቅልፍ እንደማይወስደው አውቃ፣ መዳፏ ላይ እንትፍ ብላ አካፋዋን እንደገና ጨበጠች።