በሊፕስቲክ የተነበበችው ማኅተም

ይህ የሆነው ባለፈው መስከረም፣ ኦስሎ ውስጥ አልናብሩ በሚገኘው የጭነት መጋዘን ሥራዬ ላይ ነው። አጠገቤ የሚሠራን ሰው ምን ያህል እንደናቅሁ ያወቅሁበት ቀን ስለሆነ ከአእምሮዬ አይወጣም።

ዝናብ ያበሰበሰው አንድ ሳጥን መጣ። አድራሻው ታጥቦ ጠፍቷል። ስንከፍተው አሮጌ ፎቶግራፎችና አውራ ጣት የምታህል የድንጋይ ማኅተም አገኘን፤ ግርጌዋ ላይ የቻይና ጽሑፍ ተቀርጾባታል። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ አርብ ከሰዓት ይወገዳል፤ ቀኑ ደግሞ አርብ ነበር። እኔ ከአገሬ ስወጣ የእናቴን አንዲት ፎቶ እንኳ አልያዝሁም። የሰው ፎቶ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ቆሜ ማየት አልቻልሁም።

አብሮኝ የሚሠራው ከድር የሚባል የወሎ ልጅ ስልኩን ደቅኖ ሊያስተረጉም ሞከረ። ስልኩ «የአትክልት አጥር» ብሎ ተረጎመለት።

«ተይው እህቴ፣ አጥሩን ለባለቤቱ ልናደርስ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ወለል የሚያጸዱት ሽማግሌ፣ ሊን፣ ትዝ አሉኝ። ቻይናዊ ናቸው። ኖርዌጂኛቸው ደካማ ስለሆነ የማስታወቂያ ሰሌዳውን የማነብላቸው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጨርሶ ማንበብ የማይችሉ ይመስለኝ ነበር።

ሌላ የምጠይቀው ሰው ስለሌለ ማኅተሟን ወሰድሁላቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ፊደሉ የተቀረጸው ተገልብጦ ስለሆነ መጀመሪያ ወረቀት ላይ መታተም አለበት አሉ። ቀይ ቀለም ጠየቁኝ፤ ከቢሮ ሰማያዊ ባመጣላቸው፣ ማኅተም በቀይ ነው ብለው እምቢ አሉ። ሲቸግረኝ ሊፕስቲኬን ሰጠኋቸው። ፈገግ እንኳ ሳይሉ በጣታቸው ስስ አድርገው ቀቧትና ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጓት። አራት ፊደሎች ፈክተው ወጡ።

ጥንታዊ አጻጻፍ ነው፣ የዛሬ ልጆች አያውቁትም አሉኝ። ለእኛ እንደ ግዕዝ ቅኔ መሆኑ ነው። ከቀኝ ጀምረው፣ ከላይ ወደ ታች፣ እያንዳንዷን ጭረት በጣታቸው መዳፋቸው ላይ እየጻፉ አነበቡ። አራተኛዋ ላይ ቆም አሉ።

«ይቺ ስም አይደለችም፤ ‹ማኅተም› ማለት ናት። የማኅተሟ ባለቤት ስም ጆው ሜይህዋ ነው፤ በእኛ የቤተሰብ ስም ይቀድማል» አሉኝ።

ዕቃ ጠፋብን ብለው ከደወሉት ሰዎች መዝገብ ውስጥ፣ የቤተሰብ ስሟ ጆው የሆነ አንዲት ሴት አገኘሁ። ደወልሁላት፤ ሰዓት ሳይሞላ ከትሮስተሩድ ሰፈር ከች አለች። ሳጥኑ በርገን ከተማ የሞቱት እናቷ ንብረት ነበር።

ልጅቱ እዚሁ ኖርዌይ ተወልዳ ያደገች ናት። ወረቀቱን ብዙ አየችውና «እናቴ የቷ ናት?» ብላ ሊንን ጠየቀቻቸው።

መዳፏን ዘርግተው የእናቷን ስም ጭረት በጭረት ጻፉባት። እጇን ጨብጣ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም።

ባስታወስሁት ቁጥር አፍራለሁ፤ እኚህን ሰው በማወቄ ደግሞ እኮራለሁ። አሁን ሊን ሲመጡ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። የእኔም ልጅ ኦስሎ ነው የተወለደው፤ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም ነበር። ሳጥኑ በተገኘ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አጠገቤ አስቀምጬ በ«ሀ» ጀመርን።