ካርድ ያልወሰደችው አገርነሽ

አገርነሽ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቆላ ድባ ላይ አራተኛ ክፍልን ሳትጨርስ እናቷ ሞተችባትና ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ቢሆንም ማንበብ አልጠፋባትም፤ ቀስ እያለች፣ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ከባሏ ከቢያዝን ጋር ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። እሱ በሞተ በዓመቱ ትርፍ ቤት ተወረሰና ክፍሏ የቀበሌ ሆነች። ኪራዩ ስለ ረከሰ ብቻዋን መክፈል ቻለች። ልጅ አልወለደችም፣ ዘመድም አጠገቧ የለም። በዓለም ላይ የኔ የምትለው ያቺን ክፍል ብቻ ነበር።

የምትኖረው ዓሣ እየጠበሰች ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ፈረቃ ሲቀያየሩ በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቁን ዓሣ ትሸጣለች። ዓሣውን የምታመጣላት ከሪማ ናት፤ ባሏ አደም ጀልባ ይሠራል፣ ያጠምዳልም። ዘይቱና ጨዉ ግን ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነው።

ከሥራዋ ሌላ የነበራት ማኅበሯ ነው። ወር በገባ በአራት የወንጌላዊው ዮሐንስን ጽዋ የሚጠጡ ሰባት ማኅበርተኞች ነበሩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ መሪጌታ ሣህሉ ይባላሉ። ቀድሞ ዘጌ ዜማ ያስተምሩ የነበሩ፣ ጊዜው ሲከፋ ወርደው የአንድ እህል መጋዘን ዘበኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ሲያነቡ ድምፃቸው ያምራል። አገርነሽ እሳቸውን ለመስማት ስትል አንድም ወር ቀርታ አታውቅም።

በ1971 ዓ.ም. ኅዳር 4 ቀን ጽዋው በእትዬ እናትዓለም ቤት ነበር። መሪጌታ ከጸሎቱ በኋላ ዳንኤልን ገለጡ።

«አራት አራዊት ከባሕር ወጡ» አሉ። «አንበሳው ባቢሎን ነው። ድቡ ፋርስ፣ ነብሩ ግሪክ። አራተኛው፣ ጥርሱ ብረት የሆነው፣ ሮም ነው። በራሱ ላይ ካሉት ዐሥር ቀንዶች መካከል አንድ ትንሽ ቀንድ ብቅ ይላል። የሰው ዓይን አለው፤ አፉም ትልቅ ትልቅ ነገር ይናገራል። ሐሳዊ መሲሕ እሱ ነው።»

«አያቴ እኮ ድርቡሽ ነው ይሉ ነበር» አሉ እትዬ እናትዓለም፣ ንፍሮውን እያቀረቡ። «ጎንደር ስትቃጠል በዓይናቸው አይተው። እናቴ ደግሞ ጣሊያን ነው አለች፤ ከሰማይ እሳት ያወርዳል የተባለውን በአውሮፕላኑ አየሁት ብላ። አሁን ደግሞ ማን ሊሉን ነው? ስንቱን ሐሳዊ ቀብረን እንዘልቀዋለን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። መሪጌታ ግን አልሳቁም።

«እነዚያ ጥላዎቹ ናቸው፣ እትዬ። ፀሐይ ከኋላው የሆነ ሰው ጥላው ቀድሞት ይመጣል። አካሉ ሲመጣ የሚታወቀው በምልክቱ ነው። ራእዩ ምን ይላል? ትልቁም ትንሹም፣ ሀብታሙም ድኻውም በቀኝ እጁ ወይም በግንባሩ ምልክት ይቀበላል፤ ምልክቱ የሌለው አይገዛም፣ አይሸጥም። እንግዲህ አስቡት። ቀበሌው አዲስ ካርድ ሊያወጣ ነው። ያለ ካርዱ ጨው የለም፣ ዘይት የለም። ካርዱ ላይ ምን ይለጠፋል? ፎቶግራፍ። ሻሽሽን አውልቂ፣ ግንባርሽ ይታይ ብለው ነው የሚያነሡሽ። መፈረም የማይችለውስ? የቀኝ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል።»

አገርነሽ ሳታውቀው ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ካድሬዎቹ ግን በሰልፍ የሚያነሡት ግራ እጃቸውን ነው» አለ ጫማ ሰፊው አንዳርጋቸው።

«ቀኙን ለጣት አሻራው አስቀርተውት ይሆናላ!» አሉ እትዬ እናትዓለም። እንደገና ተሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም፣ ሁሉም ወደ በሩ ተመለከተ።

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሳምንት ሙሉ ፊደል ሲቆጥሩ እንደ ሰነበቱ፣ የአንድ ሰው ስምም ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ላይ እንዳረፈላቸው ተናገሩ። የማን ስም እንደሆነ አልጠሩም። የጠየቃቸውም የለም። ከዚያ ጽዋውን ወደ መሐል አስጠጉት። ሰባቱም እጃቸውን ጽዋው ላይ አኑረው ካርዱን ላይወስዱ ቃል ገቡ።

ምዝገባው በዚያው ሳምንት ተጀመረ። አገርነሽ አልሄደችም። ታኅሣሥ ሲገባ ኅብረት ሱቁ አሮጌውን ካርድ አልቀበልም አላት። ይህን ከሪማ በማግስቱ ሰማች፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየለየች ጠየቀቻት።

«ካርድ አልወሰድሽም አሉ፤ እውነት ነው?»

«አልወሰድሁም።»

«ምነው?»

አገርነሽ የመጽሐፉን ነገር ሹክ አለቻት። ከሪማ እጇን ከቅርጫቱ ሳታወጣ ሰማቻት።

«በኛ ሐሳዊው ደጃል ይባላል፤ አንድ ዓይና ነው፣ አገርዬ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ ሁለቱም ዓይኑ ደህና ነው። ዓሣ ሲመርጥ አይቸዋለሁ፤ ትልልቁን አይስተውም።»

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድሁም። እኔ እንግዲህ ካርዱን ወስጃለሁ፤ የተረገምሁ ከሆነ አንዴ ተረግሜአለሁ። ከዘይቴ ትካፈያለሽ። ገሃነም ስገባ አንድ ቆሮሶ ጠብሰሽ ትጠይቂኛለሽ።»

የከሪማ ዘይት ለአምስት ልጆቿም አይበቃም ነበር። አገርነሽ ከሳምንት ሁለቱን ቀን በዘይት ትጠብሳለች፣ የቀረውን ቀን ፍም ላይ ታደርቀዋለች። ገዢ ቀነሰ።

«እትዬ፣ ይሄ ዓሣ ነው ወይስ ሶል?» አላት አንዱ ወጣት ሠራተኛ፣ ለጓደኞቹ እያሳየ።

«ሶል ቢሆንማ ለአንዳርጋቸው በሸጥሁት» አለችው። ሳቁና ሳይገዟት ሄዱ።

ወሩ በዞረ ቁጥር ግን ጽዋዋን ሳታጓድል ትሄድ ነበር። ጽዋው በወጣበት ቤት ሁሉ ወጡ ዘይት ጠግቧል፤ ሻዩም ስኳር አለው። የማኅበርተኛዋ የሸጊቱ ቤት ሲሆን አገርነሽ እንዲያው ደስ ብሏት ጠየቀቻት።

«ስኳሩን ከየት አገኘሽው?»

«ጎንደር ያለችው እህቴ ልካልኝ» አለች ሸጊቱ፣ ብርጭቆውን እያጠበች።

አገርነሽ አመነች። ለሌሎቹም ዘመድ ልኮላቸው ይሆናል አለች። እኔ ብቻ ነኝ ዘመድ የሌለኝ ብላ አዘነች እንጂ ሌላ አላሰበችም። ስትወጣ መሪጌታ በር ድረስ ሸኟት። «በርቺ፣ ልጄ» አሏት። ያቺ ቃል ወር ሙሉ ታቆያት ነበር።

1972 በገባ በመስከረም የቀበሌው ጸሐፊ አበራ ወረቀት ይዞ መጣ። በመዝገብ የሌለ ነዋሪ የቀበሌ ቤት መያዝ አይችልም ይላል። አገርነሽ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች።

«ጓዲት አገርነሽ» አላት አበራ፣ «አንድ ዓመት ሊሞላሽ ነው። አሞሻል እያልሁ ዝም አልሁ። አሁን ግን ኮሚቴው ቤቱን ሊያከራየው ነው።»

«ቤቴን?»

«ቤቱን። ስሚኝ፤ ይሄን ነገር ከራስሽ ያመጣሽው አይመስለኝም። ካርድ አትውሰጂ ያለሽ ሰው አለ። ስሙን ስጪኝ፤ ተታለልሁ በይ። ዛሬውኑ እመዘግብሻለሁ፣ ቤትሽም ይቀርልሻል።»

አበራ ነገሩን ሊያቀልላት ፈልጎ ይመስላል ትልቁን መዝገብ ወደ እሷ አዞረው።

«ይኸው እይ። ሰፈሩ ሁሉ ተመዝግቧል። ከማን ትለያለሽ?»

ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። በመጀመሪያው ገጽ፣ ከላይ ዘጠነኛው፣ መሪጌታ ሣህሉ። ቀኑ ኅዳር 11። ከጽዋው በሰባተኛው ቀን ማለት ነው። ፊርማቸው እንደ ድምፃቸው ያማረ ነበር። ቀጠለች። አንዳርጋቸው፣ ኅዳር 15። እናትዓለም፣ ኅዳር 20፣ የጣት አሻራ። ሸጊቱ። ስድስቱንም አገኘቻቸው።

«ነገ እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቅሻለሁ» አላት አበራ።

በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። መሪጌታ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«መሪጌታ፣ መዝገቡን አየሁት።»

«የቱን መዝገብ?»

«የቀበሌውን። ኅዳር 11።»

መሪጌታ ተነሡ፤ እንደገና ተቀመጡ።

«ካርድ ከሌለህ ሥራ የለህም አሉኝ። አምስት ልጆች አሉኝ፣ አገርነሽ።»

«እሱንስ ተረዳሁት። ለምን አልነገሩኝም?»

«ሌሎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጭንቃቸውን ነገሩኝ፤ እኔም ከቃላቸው ፈታኋቸው። አንቺ አልመጣሽም።»

«ቃል ገብቼ ምን ልሁን ብዬ ልምጣ?»

መሪጌታ ቀስ ብለው፣ «ተማከርን» አሉ። «አንድ ሰው እንኳ ከጸና ማኅበሩ ቃሉን ጠበቀ ማለት ነው ብለን። የአንቺን ጽናት አይተን፣ ይህች እንኳ ትትረፍልን ብለን። በአንቺ...»

«ስድስታችሁ ተቀምጣችሁ?»

«በሸጊቱ ቤት።»

«ዓመት ሙሉ ዓሣ ፍም ላይ ሳደርቅ፣ እናንተ ስኳር እየጠጣችሁ በእኔ ልትጸድቁ?»

«እንዲያ አትበይው።»

«ምን ልበለው ታዲያ? ትንሹ ቀንድ አፉ ትልቅ ነገር ይናገራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ድርቡሹን ቆጠራችሁ፣ ጣሊያኑን ቆጠራችሁ፤ ከባቢሎን ጀምራችሁ የማንንም ውሸት አወቃችሁ። የራሳችሁን ለማወቅ እኔን ነበር መጠየቅ።»

መጋዘኑ ውስጥ ሰው ጆንያ ይጎትታል። መሪጌታ ወደዚያ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ቀነሱ።

«አበራ ጠየቀሽ? ማን ነገረሽ ብሎ?»

«ጠየቀኝ። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ስም ከሰጠሁ ቤቴ ይቀርልኛል።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። አልለመኗትም። የመጋዘኑን ቁልፎች በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩና፣ «አምስት ልጆች አሉኝ» አሉ እንደገና።

በማግስቱ አገርነሽ ስሙን ልትሰጥ ተነሣች። ይህን ለማንም አልደበቀችም፤ ለከሪማም ነግራታለች። «ስጪ፤ እሱ አንቺን አሳልፎ ሰጥቶ የለም?» ብላታለች ከሪማ። መንገዱን ሁሉ ስሙን በአፏ ስትለማመደው ሄደች፤ መሪጌታ ሣህሉ፣ መሪጌታ ሣህሉ። ምንም አልከበዳትም።

አበራ ወረቀት ዘርግቶ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ። «እሺ» አለ።

አገርነሽ እስክሪብቶውን አየችው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ታጣቂዎች ከጎረቤቷ ግቢ አንድ አስተማሪ ወስደዋል። ስሙን የሰጠው ሰው፣ የሚታሰር ብቻ መስሎኝ ነው እያለ በኋላ ያለቅስ ነበር። አስተማሪው አልተመለሰም። መሪጌታን አልማረቻቸውም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም አልማረቻቸውም። ግን አምስቱን ልጆቻቸውን በስም ታውቃቸዋለች።

«ማንም አልነገረኝም» አለች።

«ጓዲት አገርነሽ!»

«መጽሐፉን ራሴ አነበብሁና ተሳሳትሁ። አላዋቂ ነኝ።»

«በአራተኛ ክፍል ትምህርት ራእይ ተረጎምሽ?»

«ተረጎምሁ።»

አበራ እስክሪብቶውን ከደነው። ክፉ ሰው አልነበረም። መዘገባት፣ ፎቶግራፍ እንድታመጣም ነገራት። ቤቱን ግን ላስቀርልሽ አልችልም፤ ኮሚቴው ምክንያት ይጠይቀኛል አላት። ሦስት ቀን ሰጣት።

ከሪማና አደም ከጀልባ መሥሪያው ጀርባ የእንጨት ማስቀመጫ የነበረችውን ጓዳ ባዶ አደረጉላት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዕቃዋን ስታወጣ መሪጌታ ሣህሉና አንዳርጋቸው ሳትጠራቸው መጡ። ከሪማ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ዛሬ ለመሸከም መጡ? አምና የት ነበሩ?»

«ተይያቸው፣ ከሪማ» አለች አገርነሽ። «ብቻችንን አንችለውም።»

የቀረው አልጋው ነበር። ቢያዝን ከዋንዛ የሠራው፣ ከባድና ሰፊ። መሪጌታ ጋቢያቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና በራስጌው በኩል ያዙት፣ አንዳርጋቸው በግርጌው። በሩ ጠባብ ነው፤ ማዘንበል ነበረባቸው። መሪጌታ መሐል በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል።

«አገርነሽ» አሉ፣ ሸክሙን ሳይለቁ፣ «ይቅር በይኝ።»

አገርነሽ ከውስጥ በኩል ሆና የአልጋውን ቋሚ በእጇ ደግፋ ነበር።

«ቀስ ይበሉ፣ መሪጌታ» አለቻቸው። «እግሩ ይሰበራል።»