መዳፌ ኮፒ ማሽን ላይ

እንደ ፈረንጆቹ 2004 ዓ.ም. መጸው ነበር። ከአገሬ ርቄ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ መካከለኛ አልጀብራ እማር ነበር። ነርሲንግ ለመግባት ይህን ትምህርት ማለፍ ግዴታ ነው። እዚያው አጠገብ እንግልውድ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፣ ሰው ሳጥብና ሳገላብጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄን ያሳደግኩበት እንጀራ ነው። ወገቤ ግን እምቢ ማለት ጀምሮ ነበር። ያንን ትምህርት ካላለፍኩ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

አስተማሪዋ ከመጀመሪያው ቀን አልወደደችኝም። እኔም አልወደድኳትም፤ ብደብቅ ውሸት ይሆናል። ስም ስትጠራ እኔ ጋ ስትደርስ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፣ "አንቺ፣ እዚያ ያለሽው" ትላለች። በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ እየሰማ፣ "ከዚህ ዝቅ ያለውን ብትወስጂ ይሻልሽ ነበር" አለችኝ።

"የመግቢያ ፈተናውን አልፌ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"እናያለን" አለች።

ከጎኔ የሚቀመጡት አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። ታክሲ ነጂ ናቸው፤ አስመራ በአማርኛ ተምረዋል። ልጆቻቸው ሁሉ ሲመረቁ "አሁን ተራው የኔ ነው" ብለው የገቡ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ትልቁ ፈተና ደረሰ። አስተማሪዋ ካልኩሌተር አይፈቀድም፣ ከፈተናው ወረቀት ሌላ ወረቀት ማውጣትም ክልክል ነው አለች። እኔም አላወጣሁም።

ልጅ ሆኜ ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ለስርዝ ድልዝ ማርክ ይቀንሱ ነበር። ወረቀትም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ማባዛቱን መዳፋችን ላይ ሠርተን ንጹሑን ብቻ ወረቀቱ ላይ እንገለብጣለን። መዳፍ ሲሞላ በምራቅ ይጠፋል። ከተማሪ ቤት ከወጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ቢሆንም ሌላ አሠራር አላውቅም።

ሰባተኛው ጥያቄ ላይ አሥራ ሰባትን በአሥራ ሰባት አባዛሁ። ሃያ አራትን በአሥራ አራት አባዛሁ። ሁለቱን ስደምር ስድስት መቶ ሃያ አምስት መጣ፤ ሥሩ ሃያ አምስት ነው፣ ይሄ ማባዛት አይፈልግም። "ተመስገን" ብዬ ወደ ወረቀቱ ልገለብጥ ስል ግራ እጄ ተያዘ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች አስተማሪዋ።

"ሒሳብ።"

"እጅሽ ላይ ጽፈሽ መጣሽ።"

"አሁን ነው የጻፍኩት።"

"ተነሺ።"

ወረቀቴን ነጠቀች። ስነሳ ጋሼን አየኋቸው። የሳቸውም መዳፍ ሞልቶ ነበር። እንትፍ አሉበትና ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት። ቀና ብለው አላዩኝም።

አስተማሪዋ ቢሮ ወስዳኝ የኮፒ ማሽኑን ክዳን ከፈተች። "እጅሽን አስቀምጪ" አለች። መስታወቱ ቀዝቃዛ ነበር። እንዳላንቀሳቅስ አንጓዬን ተጭና ያዘችኝ። መብራቱ ከጣቶቼ ሥር አለፈ፤ ወረቀቱ ወጣ። ቁጥሮቹም፣ የጋብቻ ቀለበቴም በግልጽ ይታያሉ።

"ይሄ ማስረጃ ነው" አለች። "ነገ ከሰዓት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋ ትቀርቢያለሽ። ኩረጃ ከሆነ ትባረሪያለሽ። ነርሲንግንም እርሺው።"

ጋሼን ፓርኪንጉ ውስጥ አገኘኋቸው። ታክሲያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መስኮቱ ክፍት ነው።

"እህቴ፣ ጴንጤ ሆነሽ መዳፍ ታስነብቢያለሽ?" አሉና ሳቁ።

አልሳቅኩም። "ጋሼ፣ ነገ አብረውኝ ይምጡ። አገር ቤት እንዲህ እንደምንሠራ ይንገሩልኝ።"

ሳቃቸው ቆመ። "እኔን ተዪኝ። አንቺን ላድን ብዬ እኔም ልባረር? ለልጆቼ ምን እላለሁ?"

"እውነቱን።"

"እውነት እዚህ አገር ጠበቃ ትፈልጋለች" አሉና መስኮቱን ዘጉት።

ከዚያ ሥራ ገባሁ። እጄን ሳልታጠብ ሰው መንካት አይፈቀድም፤ በሳሙና ታጠብኩ። ቁጥሮቹ ጠፉ።

ቤት ስደርስ ለልጄ ነገርኳት። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

"ማሚ፣ ሁ ራይትስ ኦን ዜር ሃንድ? ዛትስ ሶ ኢምባራሲንግ!" አለች፤ እጄ ላይ መጻፌ አሳፍሯት።

"መጀመሪያ እንኳን ደህና መጣሽ በይኝ።"

"እንኳን ደህና መጣሽ። በት... ቺት አላደረግሽም፣ ራይት?"

ልጄ ኮርጄ እንደሆነ መጠየቋ ከአስተማሪዋ ቃል ሁሉ ባሰብኝ። ክፍሌ ገብቼ ተንበረከክኩ። "ጌታ ሆይ፣ አንተ ተናገርልኝ። ያቺን ሴትዮ አሳፍራት" አልኩ። እንዲህ ተብሎ እንደማይጸለይ አውቃለሁ። ጸለይኩት።

ረቡዕ ከሰዓት ኃላፊው ጋ ቀረብኩ። ዕድሜው የገፋ፣ ፈገግታ የሌለው ሰው ነው። የመዳፌን ኮፒ ፊቱ ዘርግቶታል። አስተማሪዋ ከጎኑ ተቀምጣለች።

"ለምንድን ነው ወረቀቱ ላይ ያልሠራሽው?" አለኝ።

"ወረቀት ማቆሸሽ ነውር ነው ተብዬ ስላደግኩ።"

አስተማሪዋ ሳቀች።

"ክፍሉ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አለ? ካለ ንገሪኝ፤ ይረዳሻል።"

የለም ብል ውሸት ነው። አለ ብል ጋሼን አሳልፌ መስጠት ነው። ኮፒው ላይ ያለውን ቀለበቴን እያየሁ ተቀመጥኩ።

"አየህ?" አለችው አስተማሪዋ።

ኃላፊው ኮፒውን አንስቶ ወደ ዓይኑ አቀረበው። የፈተናዬን ወረቀት አምጪ አላትና ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሰባተኛውን ጥያቄ አነበበ። እርሳስ አንስቶ ራሱ ማባዛት ጀመረ።

"ይህን ጥያቄ ከማክሰኞ በፊት ያየ ተማሪ አለ?" ብሎ ጠየቃት።

"በፍጹም። ያን ዕለት ጠዋት ነው ያዘጋጀሁት።"

"እንግዲያው እነዚህን ቁጥሮች ከቤቷ ጽፋ ልትመጣ አትችልም። እዚህ ላይ ቀመር የለም፣ መልስም የለም። የዚሁ ጥያቄ ማባዛት ነው። ትክክልም ነው።"

አስተማሪዋ አንገቷ ድረስ ቀላች። ያንን ኮፒ እሷ ራሷ ባታነሳው ኖሮ ማስረጃዬ ሥራ ቦታ በሳሙና ታጥቦ ቀርቶ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ጌታን አመሰገንኩ። ያኔ ግን ያየሁት መቅላቷን ነው፤ ደስም አለኝ።

የቀሩትን ጥያቄዎች እዚያው ኃላፊው ፊት ጨረስኩ። አርሞ ከመቶ ሰማንያ አራት ሰጠኝ። እንደማልባረር፣ ትምህርቴንም እንደምቀጥል ነገረኝ። አስተማሪዋ ይቅርታ አላለችም። በሩ ላይ፣ "ሁለተኛ እጅሽ ላይ ቀለም እንዳላይ" ብላኝ ሄደች። ኃላፊው ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል ነጭ ወረቀት አውርዶ አስታቀፈኝ።

"እዚህ አገር ወረቀት ሞልቷል" አለኝ።

አባባሉ አልጣመኝም። ግን ወረቀቱን ተቀብዬ አመሰገንኩት።

ቤት ገብቼ ልጄን፣ "አልኮረጅኩም" አልኳት።

"አይ ኖው፣ ማሚ፤ አውቃለሁ" አለች፤ ዓይኔን አላየችም።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ክፍል ገባሁ። ጥቅሉን ከፍቼ ግማሽ ያህሉን አነሳሁና ጋሼ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቦርሳዬን ከጎኑ ካለው የወትሮ ወንበሬ አንስቼ፣ የአስተማሪዋ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተቀመጥኩ።